የላይኛው ዓይን ያየው

የጀልባ ነጂው ሚስት ሕፃን ልጇን ታቅፋ በድንጋዩ ደረጃ ስትወርድ ፎቶ አንሺው በመስኮት አያት፤ አይቶም ከመስኮቱ ሸሸት አለ። ሦስተኛ መምጣቷ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፊልሙ ገና አላለቀም ብሎ ሸኝቷታል፤ በሁለተኛው ደግሞ የማጠቢያው መድኃኒት አልደረሰልኝም ብሏታል። ለዛሬ ምን እንዳዘጋጀላት ራሱም አያውቅም።

እርሷ ግን ምክንያቱን አልጠበቀችም። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጠላቂዎቹ ሐይቁ ውስጥ የሰጠመውን ባሏን መፈለግ ከትናንት ወዲያ ማቆማቸውን፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ሣጥን እንደሚቀበር ነገረችው። ከባሏ ፎቶግራፍ ሁለት ቅጂ ትፈልጋለች፤ አንደኛው ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል፣ ሁለተኛው ለልጅቷ ይቀመጣል።

«ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለች። «በደንብ ባይወጣም ግድ የለም። ፊቱ ይኑርበት እንጂ።»

«ይደርሳል፣ ልጄ» አላት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መልሶ ሊውጠው ተመኘ። የሚደርስ ነገር አልነበረም።

በሐይቁ ዳር ባለው በዚያ ጥንታዊ ሰፈር ፎቶ አንሺውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ለሙሽራውም፣ ለተመራቂውም፣ ለአገር ጎብኚውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቀና በሉ» ሲል ስለኖረ ጋሽ ቀና በሉ ሆኖ ቀርቷል። ጀርባው ከጎበጠ ወዲህ የወደቡ ጫኝና አውራጆች «ሰውን ሁሉ ቀና አድርጎ ሲጨርስ ለራሱ አልተረፈውም» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እርሱም አብሯቸው ይስቃል። ሰው ሊነሳ የሚመጣው የሰፈሩ መልክ ስቦት ነው፦ ቅስት በር ያላቸው የድሮ መጋዘኖች፣ ዝገት የበላው የብረት አጥር፣ እስከ ውሃው የሚወርደው ሰፊ ደረጃ። ጋሽ ቀና በሉ ሁሉንም ሰባተኛው ደረጃ ላይ ያቆማቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ከአገጭ ሥር ገብቶ የፊትን ጥላ የሚያለሰልሰው እዚያ ነው።

ካሜራው ከእርሱ ጋር ያረጀ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ሁለት የመስታወት ዓይኖች አሉት። በላይኛው አንሺው ያያል፤ በታችኛው ፊልሙ ያያል። አንሺው ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ ቁልቁል ሲመለከት የሰውየው ቀኝ ግራ፣ ግራውም ቀኝ ሆኖ ይታየዋል። ለጀማሪ ራስ የሚያዞር ነገር ነው፤ ጋሽ ቀና በሉ ግን መገልበጡን ልብ ማለት ከተወ ዘመናት አልፈዋል።

ለማንም ያልነገረው አንድ የሙያ ምስጢርም ነበረው። ሰው የመጀመሪያዋን «ቀጭ» እስኪሰማ ድረስ ፍርድ እንደሚጠብቅ ይደርቃል። ከሰማ በኋላ ግን ተገላገልኩ ብሎ ይተነፍሳል፤ እውነተኛው ፊቱም የሚመለሰው ያኔ ነው። ስለዚህ ጋሽ ቀና በሉ የመጀመሪያዋን ሁልጊዜ የታችኛውን ዓይን ጥቁር ክዳን ሳያነሳ ይተኩሳታል። ባዶ ናት። ከዚያ ክዳኑን በመዳፉ ሸሽጎ ያነሳና «አንድ ልድገም» ይላል። ፎቶው ይሄኛው ነው።

የጀልባ ነጂው ወደዚህ ወደብ ከመጣ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከላይኛው ከንፈሩ ተነስቶ ወደ ጉንጩ የሚወጣ ጠባሳ ስላለበት ከሰው ጋር ሲያወራ መዳፉን አፉ ላይ ያደርጋል፤ ፎቶ ከተባለማ ዞር ይላል። ሚስቱ ተነሳልኝ ብላ ለምና ለምና ተስፋ ቆርጣ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ቀን ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በማለዳ ብቻውን መጣ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆመና እጁን ከአፉ አወረደ።

ጋሽ ቀና በሉ በላይኛው ዓይን ሲያየው ደነገጠ። ሰውየው አልደረቀም። ማንም ሳያዘው ቀና ብሏል፤ ጠባሳውን ለብርሃኑ ሰጥቶታል፤ ለመሳቅ አንዲት ትንፋሽ ቀርታዋለች። አሁን፣ አለው ልቡ፤ ክዳኑን አንሳ። እጁ ግን የሠላሳ ዓመት ልማዱን አለቅም አለ። ቀጭ። በዚያው ቅጽበት ተሳፋሪ ሞልቷል ብለው ከታች ተጣሩ። «ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» አለ ነጂው፤ እየሳቀም ደረጃውን ወረደ። ጋሽ ቀና በሉ ባዶ ነው ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር። ምስጢሩን አሰበና፣ ማታ ሲመለስ እደግመዋለሁ ብሎ አፉን ዘጋ።

ነጂው ደስታውን እስከ ማታ ማቆየት አልቻለም፤ ከሐይቁ መሐል ለሚስቱ ደውሎ «ተነሳሁልሽ» አላት። እኩለ ቀን ሳይደርስ ነፋስ ተነሳ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ተሳፋሪዎቹን ዓሣ አጥማጆች አወጧቸው። እርሱን ያየው የለም። ስልኩም፣ የጀልባ መንጃ ፈቃዱ ላይ የነበረው ጉርድ ፎቶም አብረውት ሰጠሙ።

አራት ሰዓት ገደማ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ። ለፍለጋው ከሩቅ የመጣ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው ነው። ጠጉሩ፣ ግንባሩ፣ የትከሻው አጣጣል ቁርጥ ወንድሙን ነው። የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ፎቶው የለም አይደል ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ቀና በሉ ያለውን ሁሉ ተናዘዘለት። ወንድምየው አልተቆጣም። ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና፣

«ሰው ሁሉ እኔንና እሱን ያምታታ ነበር» አለ። «እኔን ያንሱኝ። ጠባሳውን መጨመር እርስዎ ያውቁበታል።»

«ልጅቷ እኮ አንተን አባቴ እያለች ልታድግ ነው።»

«ማንንም ሳትል ከምታድግ ይሻላል።»

ነጭ ሸሚዝ ከጎረቤት ተዋሱ። ከአደጋው ወዲህ ሊነሳ የመጣ ሰው ስላልነበር ደረጃው ባዶ ነበር። ጋሽ ቀና በሉ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑን አስቀድሞ አነሳና ኪሱ ከተተው። ወንድምየው እንደ ሳንቃ ደረቀ። ሁለት ደገመ፤ ሦስት ደገመ። በአራተኛው ሰውየው ወደ ውሃው ሰረቅ አድርጎ አየና ፊቱ ላላ። ቀጭ። «በቃ» አለ ጋሽ ቀና በሉ፤ ቀና በል የሚለው ቃል ያን ቀን አንደበቱ ላይ አልመጣለትም።

ፊልሙን አጠበ፤ ሁለት ቅጂ አተመ፤ አደረቀ። ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ ቀለም ነክሮ ዓይኑን ጨፈነ። ያ በማለዳ ያየው ፊት መጣለት። በሕይወቱ ያን ያህል አጥርቶ ያየው ፊት አልነበረም። ጠባሳውን ከከንፈር ወደ ጉንጭ፣ መጨረሻው ላይ እንደ መንጠቆ ጎበጥ አድርጎ፣ በሁለቱም ላይ አሳረፈው። ሲጨርስ የሠራው ሥራ አስደነገጠው። ሞቶ የነበረው ሰውዬ ከወረቀቱ ላይ ሆኖ ያየዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሴትየዋ ልጇን ታቅፋ መጣች። ከውጭ የተሸካሚዎቹ ድምፅ ይሰማል። ፎቶግራፎቹን ተቀብላ አንዱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ጣቷን በቀስታ ወደ ምስሉ አፍ ላከች። ጣቷ በለመደው መንገድ ሄዶ ባዶ ቆዳ ላይ አረፈ።

«የእሱ በቀኙ ነበር» አለች።

ጋሽ ቀና በሉ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ካሜራ ዞሮ አየ። ገባው። አጥርቶ ያየው ፊት የካሜራው መስታወት ቀኙን ወደ ግራ የገለበጠው ፊት ነበር።

እርሷ አልጮኸችም። ደንበኞች ጠጉራቸውን የሚያስተካክሉበት መስታወት ፊት ሄዳ ፎቶግራፉን ወደ መስታወቱ ያዘችው። ጠባሳው ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያው ቆማ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው እንደ እንግዳ መረመረችው።

«ዓይኖቹ የወንድሙ ናቸው» አለች በመጨረሻ።

እርሱም ከክዳኑ ጀምሮ ነገራት። ለወንድምየው ሲናዘዝ የቀለለው ነገር አሁን እያንዳንዱ ቃል ድንጋይ ሆነበት። እስኪጨርስ ከመስታወቱ አልዞረችም።

«መጥቶስ ነበር? ወይስ እሱም ውሸት ነው?»

«መጥቶ ነበር።»

«እጁን አፉ ላይ አድርጎ?»

«አውርዶ ነበር። ቀና በል እንኳ አላልኩትም፤ ራሱ ነው ቀና ያለው።»

ሁለቱን ፎቶግራፎች መስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። አንደኛው ባፍጢሙ ተደፋ፤ አላቃናችውም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ልጅቷን ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረቻት። ከውጭ አንድ ሰው ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ተጣራ።

«ይጠብቁ» አለች ሳትዞር። ከዚያም ዝግ ብላ፣ «እንደዚያ ሆኖ ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለእሷ ይንገሯት።»

ጋሽ ቀና በሉ በልጅቷ ቁመት ልክ በጉልበቱ ተንበረከከ። በእጁ ምንም አልያዘም። ሕፃኗ በቀጥታ፣ ሳትደርቅ፣ አየችው።

«ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር» ብሎ ጀመረ።