የጋሼ ኪኒንና የጋሼ ኮፍያ

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ እናሳውቃለን፦ የእህቴ ባል ኮፍያ ገዝቷል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እኔም አጠገቡ ባለው ወንበር እሠራለሁ። ኮፍያ ያደረገ ደንበኛ ሲገባ «ምን ደብቀህ ነው?» ብሎ የሚቀበል ሰው፣ እሱ ራሱ እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መጣ።

«ሌላ ሴት ይዟል» አለች እህቴ። «ከስቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አበጅቷል።»

«ሴት ቢይዝማ ሽቶ ነበር የሚገዛው» አልኳት።

አላመነችኝም። ኪሱን በረበረች። ያገኘችው የመገጣጠሚያ ሕመም ኪኒኑን ካርቶን ነው፤ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ፦ መድኃኒቱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ተቅማጥ፣ መክሳት፣ የፀጉር መሳሳት፣ በቀላሉ በበሽታ መያዝ ሊያስከትል ይችላል፤ ከታየብዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጋሼ ለሐኪሙ ትንፍሽ አላለም። ኪኒኑን ሳይጀምር ጣቶቹ አብጠው መቀስ አይጨብጡም ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ እህቴ ነበረች የምትቆልፍለት። «ከነገርኩት ኪኒኑን ይከለክለኛል፤ ከዚያ ምን ሠርቼ ልበላ ነው?» አለኝና ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። እህቴ ደግሞ፣ «ማወቄን ካወቀ አፍሮ ኪኒኑን ይተወዋል» ብላ አስማለችኝ። ጠዋት ጠዋት፣ የረገፈውን ፀጉሩን እንዳያይ የትራሱን ጨርቅ ትቀይራለች።

ይሄኔ መጠርጠር የእሱ ተራ ሆነ።

«እህትህ የምትደብቀኝ ነገር አለ» አለኝ፣ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ ትቶ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ። «የትራስ ጨርቅ በየቀኑ የሚያጥብ ሰው አይተሃል? ንጹሕ ሰው እንዲህ አያጥብም።»

«ሆድህስ ጋሼ?»

«የተበላሸ ነገር በልቼ ነው።»

«ወር ሙሉ?»

«ብዙ ነው የበላሁት።»

የሐኪም ቀጠሮው ሲደርስ ሦስታችንም ሄድን። እኔን ሁለቱም ለየብቻ ነው ለምስክርነት የጠሩኝ።

«ኪኒኑ ያመጣብዎት ችግር አለ?» አለው ሐኪሙ።

«ምንም።»

«እርስዎስ? ያዩበት ለውጥ?»

«ኧረ ምንም» አለች እህቴ። «እንደ ድሮው ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ቀኑን ሙሉ አብሬው ነው የምውለው» አልኩ። «ምንም።»

«ስለ መድኃኒቱ ያነበባችሁት ነገርስ?»

ጋሼ መነጽሩ እንደጠፋበት ተናገረ። እህቴ ጊዜ የለኝም አለች። እኔ ማንበብ አልወድም አልኩ።

«ጥሩ፤ እንግዲያው እንደያዝነው እንቀጥላለን» ብሎ ሊጽፍ ሲል፣ አስነጠሰው።

ጋሼ ከነወንበሩ በሩ ጋ ደረሰ። እህቴ ሻሿን ፈትታ የጋሼ አፍና አፍንጫ ላይ ጫነችበት። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ጨርሻለሁ።

ሐኪሙ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን።