ሰማንያ ላይ ንቀዪው

ሀውራ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ባትሪው ሰማንያ በመቶ ሲደርስ የነቀለችው መኪና ጠዋት መቶ ሞልቶ ጠበቃት። የመሙያውን ገመድ በገዛ እጇ ጠቅልላ በረንዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቅላው ነበር። የግቢው በር እንደተቆለፈ ነው፤ ውሻውም አልጮኸ። አሁን ግን ገመዱ ከሚስማሩ ወርዶ መኪናው ላይ ተሰክቷል፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራትም ጠገብኩ የምትል ይመስል ፍጥጥ ብላለች። ነቅላ መልሳ ሰቀለችው፤ በማግስቱም ተሰክቶ አገኘችው፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ።

በዚህ ግቢ የሚኖሩት እሷና አማቷ እማ መሕቡባ ብቻ ናቸው። እማ መሕቡባን ደግሞ ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል፤ ኤሌክትሪክ ከመፍራታቸው የተነሣ የአምፖሉን ማብሪያ እንኳ በነጠላቸው ጫፍ ነው የሚነኩት። ታዲያ ማን ሰካው? ሀውራ የጠረጠረችው አለ፣ ግን ስሙን ለመጥራት አትደፍርም። ደፍራ ብታስበውም አንድ ነገር አልገጥም ይላታል። የመጣው ሙስዓብ ከሆነ መቶ አይሞላም ነበር።

ሙስዓብ ባሏ ነው፤ ነበር ማለት እስካሁን ይከብዳታል። ጅዳ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ሲመለስ ይህን ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ባትሪው ሆነ። «ባትሪ ሆድ ማለት ነው» ይላል። «ረሃብም ይጎዳዋል፣ ቁንጣንም ይጎዳዋል። ከሃያ በታች አታውርጂው፣ ሰማንያ ላይ ንቀዪው። ከመንገድ እንደገባ በትኩሱ አትሰኪበት። አጥግበሽ ፀሐይ ላይ አታቁሚው።» እራቱን ጥሎ ለመንቀል የሚወጣ ሰው ነበር። ጎረቤታቸው ባለባጃጁ ሽታው «አንተ፣ የሰማንያ ሚስትህ የትኛዋ ናት?» እያለ ይስቅበት ነበር። ሀውራም አብራ ትስቅ ነበር።

የሞተው በግሸን ማርያም ንግሥ ሰሞን ነው። ተሳላሚዎች ሐይቅ ከተማ ይጠብቁት ነበር፤ እስከ ተራራው ግርጌ ሊያደርሳቸው ተነጋግረዋል። ቤታቸው ከከተማው በላይ ጋራው ላይ ስለሆነ መንገዱ ገና ከደጃፉ ጀምሮ ቁልቁል ነው። ሐይቁ ወለል ብሎ ከሚታይበት መታጠፊያ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ አለ። መኪናው በሾፌሩ በር በኩል ከዚያ ዛፍ ጋር ተላተመ። ጋራዦቹ መርምረው ፍሬኑ ደህና ነው አሉ። ትራፊኩ ፍጥነት ነው ብሎ ጻፈ። ሙስዓብና ፍጥነት ደግሞ የት ያውቁ ነበር፤ ባትሪ እንዳይባክን ብሎ ከአህያ ኋላ የሚያዘግም ሰው። የመንደሩ ሰው ከሐይቁ የወጣ ጂን መሪውን ይዞበታል ብሎ ደመደመ።

ሀውራን ግን ከጂኑ የባሰ ነገር ነው የያዛት። ያን ጠዋት ተጣልተው ነበር። ሙስዓብ እንደገና ጅዳ ልሂድ አለ፣ እሷ ደግሞ «ከሄድክ አትመለስ» አለችው። ሻዩን ሳይነካ፣ ዓይኗን ሳያይ ወጣ። ሬሳው ሲመጣ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እሱ ነው፤ ያልቆመው በእኔ ቃል ተቃጥሎ ይሆን? አውቆት ይሆን? ይህን ለማንም አልተናገረችም። የባል ሐዘን ዒዳዋን ስትቀመጥ፣ ሰው ሁሉ የአላህ ቀድር ነው እያለ ሲያጽናናት፣ ጥያቄው ከአጠገቧ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ተጠግኖ፣ ነጩ በሩ በብርማ በር ተቀይሮ ሲመለስም ሽጪው ቢሏት እምቢ ያለችው ለዚሁ ነው። መልሱ ከዚያ ውስጥ ያለ ይመስላት ነበር። መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ሽታውም ሜዳው ላይ አለማመዳት።

«የዚህ መኪና ጉዱ» አላት ሽታው፣ «እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ ራሱ ይቆማል። ነዳጅ የለውም፣ ግን መስጫ እንበለው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አያሻሽም፤ እየያዘሽ ባትሪውን ይሞላል። ሙስዓብማ ነፍሱን ይማረውና ፍሬን መርገጥ ረስቶ ነበር።»

እውነትም ነበር። ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ስታነሳ፣ አንድ እጅ ከኋላ በቀስታ የያዘው ያህል መኪናው ይከብዳል፣ ይዘገያል። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ውስጡ ጭር ከማለቱ የተነሣ ከጎኗ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስላታል። «ይዘኸኛል?» ትለዋለች ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ። የባትሪው ቁጥር በአንድ ከፍ ይላል። ፍርሃት አልነበረም፤ እንዲያውም ለዚህች ለመታጠፊያዋ ስትል ያለ ጉዳይ ከተማ የወረደችበት ጊዜ አለ። ገመዱ በራሱ መሰካት ከጀመረ ወዲህ ግን መኪናውን አልነካችም።

በሦስተኛው ቀን ማታ የዒሻ ሰላቷን አፍጥና ጨርሳ ወደ በረንዳው ወጣች። እማ መሕቡባ ግድግዳውን በክርናቸው ተደግፈው፣ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ገመዱን ይሰካሉ።

«እማ፣ ምን እያረጉ ነው?»

እማ መሕቡባ አልደነገጡም። «በህልሜ ይመጣል» አሉ። «ራበኝ እማ ይለኛል። ሰደቃ አወጣሁ፣ የቁርአን ደረሳዎቹን አበላሁ። ተመልሶ መጣ። ከእጁ የቀረን ይኸ ነው፤ ጾሙን እንዳያድር ብዬ ነው ልጄ። አንቺ ከማዕዱ ታስነሺዋለሽ።»

ሀውራን ማልቀስም መሳቅም አማራት። ባትሪውን የሚያስረጀው ይሄ መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፣ ግን ለሟች የቀረበውን ማን ደፍሮ ያነሳል? ተወችው።

«ነገ ቀብሩ ጋ ውሰጂኝ» አሉ እማ መሕቡባ። «በራሱ መኪና።»

ጠዋት ሲወጡ ቁጥሩ መቶ ላይ ነበር። እማ መሕቡባ ከፊት ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሀውራ እንደ ልማዷ እግሯን አነሳች።

ማንም አልያዛትም።

መኪናው ተንደረደረ። ኮሽታ እንኳ የለም፤ ባሕር ዛፉ ብቻ እየቀረበ ይመጣል። እግሯን ጭራሽ ወደ ኋላ ሰበሰበች፣ ያን እጅ ጠበቀች። ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ረስታ ሙስዓብን ጠበቀች። ከዚያ የእማ መሕቡባ «ያ ረቢ» ጆሮዋ ውስጥ ገባና ባላት ኃይል ፍሬኑን ረገጠች። መኪናው ጮኾ፣ ተንሸራቶ ቆመ። የዛፉ ጠባሳ በመስኮቷ በኩል እጅ ቢዘረጋ የሚነካ ነበር።

ከመሪው ኋላ አንዲት ብርቱካናማ ጽሑፍ ትበራለች። ባትሪው ስለሞላ የሚመለስ ኃይል አይቀበልም ነው የምትለው። ሀውራ ደጋግማ አነበበችው። የሚይዛት እጅ ለካ ባትሪው ቁልቁለቱን ሲበላ ነው። የጠገበ ባትሪ አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ አይይዝም። ሙስዓብ ከሰማንያ አሳልፎ ስለማያውቅ ይህን አላየውም። ያን ቀንም ሞልቶ ከነበረ ግን ማን ሞላው?

«እዚህ ነው አይደል?» አሉ እማ መሕቡባ ዛፉን እያዩ።

«እዚህ ነው፣ እማ።»

«ደግነቱ ያን ቀን ጠግቦ ነው የወጣ» አሉ። «ግሸን ሩቅ ነው፣ ዳገቱም ክፉ ነው ብዬ እናንተ ስትተኙ ሰካሁለት። እሱው ነበር አሰካኩን ያሳየኝ። መንገድ ላይ እንዳይርበው ብዬ ነው።»

ሀውራ መሪውን ጨበጠች። ስንት ወር ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ። ያልቆመው ተቆጥቶ አልነበረም። እሷ አሁን እንደጠበቀችው እሱም ሲይዘው ጠብቆ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሱ አምኖ ጠብቆ። የገደለው የእሷ ቃል አይደለም። ደስታ የሚመስል ነገር አፏ ላይ መጣ፣ ልትነግራቸው ዘወር አለች። እማ መሕቡባ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቋታል። ድንጋዩ ከእሷ ላይ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ያኔ ገባት።

«አንቺ ትነጂዋለሽ፣ ንገሪኝ እስቲ» አሉ እማ መሕቡባ። «ልጄ ለምንድን ነው ያልቆመው?»

«ቀኑ፣ አጀሉ ደርሶ ነው፣ እማ።»

ቀብሩ ጋ ዱዓ አድርገው ተመለሱ። ዳገቱ ባትሪውን በልቶ ከሰማንያ በታች አወረደው። ሀውራ መኪናውን ከጥላ አቁማ እስኪበርድ ጠበቀች፣ ከዚያ ሰካችው፣ መግሪብ ካለፈ በኋላም ቁጥሩን አይታ እማ መሕቡባን ወደ በረንዳው ጠራቻቸው።

«ሰማንያ ደርሷል፣ እማ። ከእንግዲህ ይሄ ይብቃው። ሙስዓብም እንዲህ ነበር የሚለው፤ ሲጠግብ ይጎዳል።»

እማ መሕቡባ አረንጓዴዋን መብራት ረጅም ጊዜ አዩ። «ሲጠግብ ይጎዳል?»

«ይጎዳል።»

«ያን ቀን ሞልቼለት ነበርኮ። ጎዳሁት ይሆን?»

ሀውራ ስለ መኪናው ይጠይቁ ስለ ልጃቸው ከፊታቸው ለማንበብ ሞከረች። መሽቶ ነበር፣ ፊታቸው አይታይም።

«ባትሪ በአንድ ቀን አይጎዳም፣ እማ» አለች።

እውነት ነበር። ሙስዓብ ራሱ ይለው የነበረ ነገር ነው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

እማ መሕቡባ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ገመዱን ነቀሉት፣ ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ከሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ መዳፋቸውን ብርማው በር ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያ ጾሙን ይደር» አሉ።