እጀታ ያለው ኮምፒዩተር

የኮምፒዩተሩ ካርድ ሁለት ጣት ያህል ተርፎ አልገባም አለ። አቤል አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዘንብሎ ሞከረው፤ ከዚያ ትንሿን ሳጥን እንደ እልኸኛ በሬ ፊት ለፊቷ ቆሞ ተመለከታት።

"ሳጥኗን እንቀይር" አለ። "እዚያ ጥግ ያለው ትልቁ ኬዝ በነፃ ነው። ሦስት ማራገቢያ አለው። ማንም ስለማይፈልገው ወንበር አድርጌው ነው የምኖረው።"

"ሳጥኗ አትነካም" አለ ሰዲቅ።

"ይኼ ካርድ እኮ ጌሙን እንደ ውሃ ነው የሚያፈሰው።"

"ይፍሰስ። የሚገባውን ስጠኝ።"

"በውበት ነው እንዴ የምትመርጠው? ሰው ኮምፒዩተር ሲገዛ ስለ ጉልበቱ ይጠይቃል። አንተ ስለ ክብደቱ ትጠይቃለህ።"

"አንተ ተሸክመኸው ሮጠህ አታውቅም" አለ ሰዲቅ። አቤል አጠር ያለ ካርድ ፍለጋ መሳቢያውን ሳበ።

የአቤል ሱቅ ደብረ ሲና፣ አስፋልቱ ዳር ናት። ጉሙ ሳያንኳኳ ይገባል። አቤል ከአዲስ አበባ ቢሮዎች የተወገዱ ኮምፒዩተሮችን በጅምላ እየገዛ፣ የሞተውን ከሞተው አጋብቶ ሕያው ያደርጋል፤ በጋቢው ላይ ብሎን መፍቻ ሰክቶ ሲንጎራደድ ግማሽ ቄስ፣ ግማሽ መካኒክ ይመስላል። ሰዲቅ ከሸዋ ሮቢት የመጣ ቆለኛ ስለሆነ ጃኬት ተውሶ ነው የወጣው። ጃኬቱ ጠብቦት ነበር፤ ብርዱ ግን ልኩ ነበር።

ባጀቱ ሁለት ፍየል ነው። ፍየሎቹ የሚስቱ የአሪፋ ነበሩ፤ አክስቷ ዘንድ የሚረቡ። ሲሸጡ አላለቀሰችም፤ አንድ ቃል ብቻ ነው ያስገባችው፤ እያንዳንዷ ፍየል ምን እንደሆነች እንዲነገራት። አሁንም ስልኩ ጠራ።

"ቀይዋ ምን ሆነች?" አለች።

"ግራፊክስ ካርድ።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ስዕሉን እሱ ነው የሚስለው። ያለ እሱ ኳሷ አትንቀሳቀስም።"

"ጥቁሯስ?"

"ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም። ፓወር ሰፕላዩም ከሷው ነው።"

"እሷ ድሮም ሆዷ ሰፊ ነበር። ላፕቶፕ ቢሆን አይቀልህም ነበር?"

"ጌም የሚችል ላፕቶፕ ስድስት ፍየል ነው፣ አሪፋ።"

"እንግዲያው ሳጥንህን ይዘህ ና። ደግሞ እትዬ ዘነበች ትቆዩ እንደሆነ ዛሬ ማታ መልስ እፈልጋለሁ ብለዋል። የሽንኩርቱ ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ፈልጎታል። ለዓመት እዋዋላለሁ ብሏቸዋል።"

"እኔ በወር በወር ነው የምከራየው በያቸው።"

"እሱንማ ሦስት ዓመት ሰሙት" አለችና ዘጋችው።

እትዬ ዘነበች አከራያቸው ናቸው። ሰዲቅ ቤታቸውን ሲከራይ፣ የፊተኛው ክፍል ጌም ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መኖሪያ ሆኖ፣ ለአንድ ወር ነበር። ወሩ ሲያልቅ ሌላ አንድ ወር ጨመረ። እንዲህ እየጨመረ ሦስት ዓመት ሞላ፤ ግን ስንት ጊዜ ቆየህ ቢሉት "ለጊዜው ነው" ይላል።

ከዚያ በፊት ጌም ቤቱ አጣዬ ነበር። እዚያ ሦስት ትልልቅ ቴሌቪዥን፣ ከጠረጴዛ በታች የሚቀመጥ ትልቅ ኮምፒዩተርና ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ ነበረው። ከተማዋ በተቃጠለች ጊዜ ትልቁን ቴሌቪዥን አቅፎ ወጣ። ከከተማው ጫፍ አላራምድ ሲለው ዛፍ ስር አስደግፎ፣ ሌባ እንዳያየው ቅጠል ቆርጦ ሸፈነውና የአሪፋን እጅ ይዞ ሄደ። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ቅጠሉ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታቸው እጀታ የሌለው ዕቃ አይገባም። ምግብ የሚቀመጠው በባልዲ ነው፤ ልብስ በሻንጣ ነው። አልጋ እጀታ ስለሌለው የሚተኙት በሚጠቀለል ስፖንጅ ላይ ነው። አሪፋ የቁም ሳጥን ነገር ስታነሳ እሱ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። የነበሩት ሁለት አሮጌ የጌም ማጫወቻዎች እያረጁ፣ ደንበኛው አዲስ ጨዋታ ወዳለበት ሲሸሽበት፣ ኮምፒዩተር ግድ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ግን በአንድ እጅ መነሳት ነበረበት።

አጭሩ ካርድ ገባ። ባለ አንድ ማራገቢያ ነው፤ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቆ። ፓወር ሰፕላዩ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሽቦዎቹን አቤል እንደ ሹሩባ ጎነጎናቸው። በመጨረሻ ከአሮጌ ሻንጣ የነቀለውን እጀታ በአራት ብሎን አናቱ ላይ አሰረለት። ከጫማ ካርቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው።

"አሁን ፈተና" አለ አቤልና ከባዱን ጨዋታ ከፈተ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም። ማሽኑ ከኋላው ትኩስ አየር ይተፋ ጀመር፤ ሰዲቅም ጣቶቹ ደንዝዘውበት ነበርና ሁለቱን መዳፎቹን እዚያ ዘርግቶ ሞቀ። አቤልም ተጠግቶ ሞቀ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሆዱን ሰጠው።

"ጎበዝ ማሽን ነው" አለ አቤል።

"በጣም ጎበዝ ነው" አለ ሰዲቅ።

ከሁለቱ አንዳቸውም ከዚያ ያለፈ አላሰቡም። ብርድ ያለበት ሰው ሙቀትን አይጠረጥርም።

ሚኒባሱ ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ሲወርድ ሰዲቅ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እጀታውን ጨብጧል። ጎኑ የተቀመጡ ሽማግሌ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"ልጄ፣ ምንድን ነው? የወፍጮ ሞተር ነው?"

"ኮምፒዩተር ነው አባቴ።"

"ለወረዳው?"

"ለጨዋታ ነው። ወጣቱ እየከፈለ ይጫወትበታል።"

ሽማግሌው አሰቡበት። "አላህ ያጫውትህ" አሉ፤ እንዴት እንደሚመርቁት ግራ ሳይገባቸው አልቀረም።

አርማንያ የምትባለው መንደር ላይ ጃኬቱን አወለቀ። ከአርማንያ በታች የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈታ። ማሾና ሽንኩርት የተዘራበት ሜዳ ሲመጣ የሁሉም መስኮት ተከፈተ፤ የገባው ግን አየር ሳይሆን ከምድጃ የሚወጣ ዓይነት ነገር ነበር። ሮቢት ሲወርድ ሳጥኑን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ሆን ብሎ በዋናው መንገድ ዞሮ ገባ። ቀሎት ነበር።

ጌም ቤቱ በር ላይ ሙጂብ ባጃጁን አቁሞ ይጠብቀዋል። ሙጂብ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ነገር ግን በሰፈሩ በኳስ ጌም የሚያሸንፈው የለም፤ ሚስቱ ስትፈልገው በስልክ ሳይሆን በሰዲቅ በር በኩል ነው የምትመጣ።

"ይችው ናት?" አለ። "የአሪፋን ፍየሎች የበላችው ይች ናት?"

"ዝም ብለህ ተቀመጥ።"

ከስክሪኑ ጋር አገናኙትና ከፈቱት። ሙጂብ ሣሩን አይቶ ጮኸ፤ ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የተጫዋቹ ላብ ይታያል። አሪፋም በመጋረጃው በኩል ብቅ ብላ ቆመች። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። በሁለተኛው ሙጂብ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

"ዳኛው አጠፋው!" አለ ሙጂብ። "ወላሂ ልትገባ ነበር!"

"መብራት ሄዶ ነው።"

"የቱ መብራት? አምፖሉ ያው በርቷል።"

እንደገና ከፈቱት። በዚህኛው ኳሷ መሀል ሜዳ ሳትደርስ ጠፋ። በሦስተኛው የጨዋታው ስም ተጽፎ ሳያልቅ ጠፋ። አሪፋ ጠጋ ብላ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ፣ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳች።

"ትኩሳት አለው" አለች።

ያን ጊዜ ነው ሰዲቅ መዳፎቹን ያየው። ደብረ ሲና ላይ የሞቀው ሙቀት ትዝ አለው። ለአቤል ደወለ።

"እዚያ እንዴት ነው አየሩ?" አለ አቤል፣ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ።

"እንደ ሮቢት ነዋ።"

"ወይ ጉድ። እኛ እኮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የፈተንነው። ያቺ ሳጥን መተንፈሻ የላትም፤ እዚህ ጉሙ ነበር የሚተነፍስላት። ሦስት መንገድ አለ። ደካማ ካርድ ልቀይርልህ፤ አይሞቅም፣ ግን ያው አሮጌውን ጨዋታ ነው የምትጫወት። ወይ ወንበሬን ልላክልህ።"

"ትልቁን ኬዝ? ማን ይሸከመዋል?"

"ወይ ደግሞ ሳጥኗን ተዋት። ሁሉንም አውጥተህ ጣውላ ላይ እሰርና ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገህ ስቀለው። አየሩ በሁሉም በኩል ያገኘዋል፤ አቧራም፣ ሰውም አይደርስበት። ወጪ የለውም። ጠንካራ ግድግዳ ብቻ ነው የሚፈልገው።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"ክረምትን ጠብቅ። ሮቢት ክረምት አላት?"

"አላት። እሱም ይሞቃል።"

ሙጂብ ፍጹም ቅጣት ምቱ እንዳለ እንዲቆይለት አደራ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሰዲቅ ክዳኑን ፈታ፣ የአቤልን ሹሩባ ፈታ፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ አሪፋ መሬት ላይ ባነጠፈችለት ካርቶን ላይ ደረደራቸው። እንደዚያው ተበትነው ሲከፈቱ ሠሩ። ረጅም ጊዜ ሠሩ። አሪፋ ጆይስቲኩን አንስታ ያለ ተጋጣሚ ሁለት ጎል አገባች።

"ይኸው ዳነ" አለች።

"ዳነ። ግን አይነሳም። እንዲህ ሆኖ አንድ ነገር ቢመጣ…"

"ምን ቢመጣ?"

"ታውቂያለሽ።"

አሪፋ ጆይስቲኩን አስቀመጠች። "አውቃለሁ። እኔም ነበርኩ። እጄን ነው የያዝከው።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "የምንሄድበትን ቀን ንገረኝና እኔም ልዘጋጅ፣ ሰዲቅ። ካልነገርከኝ ግን በየቀኑ ስንሄድ ልኖር አልችልም። ጀርባዬን ስፖንጁ ጨርሶታል።"

"ቀኑን እኔ በምን አውቄ?"

"እንግዲያው ለማታውቀው ቀን ከዛሬ ኪራይ አትክፈል" አለችና እራት ልታቀርብ ገባች።

ሰዲቅ ብቻውን ቀረ። ባዶዋን ሳጥን አነሳት፤ አሁን ደግሞ ይበልጥ ቀላለች። መልሶ አስቀመጣት። ተነስቶ ግድግዳውን በስንዝር ለካ፤ ከስክሪኑ በላይ፣ ከመስኮቱ በስተግራ። እየለካ ሳለ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩን አልፈው ገቡ።

"ግድግዳዬ ምን አደረገህ?"

"ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ። ጣውላ ልሰቅልበት አስቤ ነው፤ ፈቃድዎ ከሆነ።"

"ጣውላው ምን ሊሸከም?"

"ኮምፒዩተር።"

"ኮምፒዩተር ይሰቀላል እንዴ?"

"ሮቢት ላይ ይሰቀላል።"

እትዬ ዘነበች መሬት ላይ የተዘረጋውን ብረትና ሽቦ አዩ። ከዚያ አሪፋን አዩ፤ እሷ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። አልተቀመጡም። ወጥተው ሄዱና ባላቸው ቤቱን ሲሠሩ የተረፈ ምስማር ያለበት የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘው ተመለሱ። በመዳፋቸው ገለበጡት።

"ስማኝ ልጄ። ይች አጭሯ ልስኑን ብቻ ነው የምትይዝ። ስትሄድ በእጅህ ነቅለህ ትወጣለህ፤ ቀዳዳዋን በሳሙና ትደፍናታለህ። ተከራይ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርግ፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል።" ረጅሙን በሁለት ጣታቸው አነሱ። "ይኼ ግን ልስኑን አልፎ፣ ጭቃውን አልፎ፣ ቋሚው እንጨት ውስጥ ነው የሚገባ። አንዴ ከገባ ቤቱ ሲፈርስ ነው የሚወጣ።"

"አጭሯ ጣውላውን ትችለዋለች?"

"ለጊዜው ትችለዋለች።"

ውጭ አንድ ከባድ መኪና ወደ አጣዬ አቅጣጫ አልፎ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

"የሽንኩርቱ ነጋዴ በር ላይ ቆሟል" አሉ እትዬ ዘነበች። "ምን ልበለው?"

ሰዲቅ ከመዳፋቸው ላይ አራት ረጃጅም ምስማሮች አንድ በአንድ ለቀመ። ሦስቱን በከንፈሩ ያዘ፤ በአራተኛው ጫፍ ግድግዳውን አንኳኳ። ባዶ ድምፅ ሰጠው። ትንሽ ወደ ቀኝ አለፈና ደግሞ አንኳኳ።

"እትዬ" አለ፣ በምስማሮቹ መሀል እየተናገረ፣ "ቋሚው የት ጋ ነው ያለው?"