አለበል በሩ ላይ ያያት ሴት

አለበል «አየሁ» ያለ ዕለት ሚስቱ ሰርኬ እልል ልትል ቃጥቷት ሐዘኗ ትዝ አላትና ዋጠችው። ልጃቸው ቃልኪዳን ሰኔ ላይ ምጥ ጸንቶባት፣ በቃሬዛ ወደ መካነ ኢየሱስ ሐኪም ቤት ሲወስዷት መንገድ ላይ ቀርታለች። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ወድቆ በባዶ እግሯ ነው ሬሳዋን የመለሱት።

አለበል ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ከክረምቱ ወዲህ ግን መጀመሪያ አበባ፣ ቀጥሎ መረብ የመሰለ ነገር፣ አሁን ደግሞ ሰው አያለሁ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠመቅበት የከረመው ጠበል ሥራ ነው አለ። እዚያ የዳነ ሰው ከዘራውን ጠበሉ ዳር ሰቅሎ፣ በሕዝብ ፊት መስክሮ ነው የሚመለስ። አለበልም ለእሑድ ተዘጋጅቷል። ያን ሁሉ ገደል ከዘራ ሳይዝ ሊመለስበት ነው እንግዲህ።

ዓይኑን የመረመረው ሐኪም ግን ለሰርኬ ለብቻዋ ነግሯት ነበር። «ዓይኑ ሞቷል። አንጎሉ ግን ማየት የለመደ ነውና ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ከራሱ እየፈጠረ ያሳየዋል። እብደትም ጋኔንም አይደለም። እንዳይደነግጥ ንገሪው።» አልነገረችውም። ሰው መቼም ደስ የሚለውን ነው የሚያምን፤ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብላ ሆድ ይፍጀው አለች።

ቅዳሜ ግን ጨነቃት። በሩ ላይ ሄዳ ቆመችና፣ «እስቲ እኔን ታየኛለህ?» አለችው።

«ምነው አላይሽ። ሹሩባ ተሠርተሻል፤ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሰሻል።»

ሰርኬ ለልጇ ራሷን ተላጭታለች። የለበሰችውም ከል ነው። አለበልም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ የሚያየው ነገር የሚያውቀውን አስረሳው እንጂ። ሄዳ እጁን ይዛ ራሷ ላይ አኖረችው።

«ዳስሰኝ። የታለ ሹሩባው?»

እጁ ጭንቅላቷ ላይ ደርቆ ቀረ። የሐኪሙ ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። አለበል ግን ፊቱን ከበሩ አልመለሰም።

«እንግዲያ አንቺ አይደለሽማ» አለ ቀስ ብሎ። «ቃልኪዳን ናት።»

ሰርኬ ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ ፀሐይና አንዲት ዶሮ ብቻ ነበሩ። «የለችም» ብትለው ልጇን ሁለተኛ መቅበሯ ነው። ደግሞም ቀናችበት። አምጣ የወለደቻት እሷ፣ ዓይኗም ደኅና፤ ልጅቱ የታየችው ግን ለዕውሩ።

«ጫማ አድርጋለች?» አለችው።

አለበል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ታች አየ። «አድርጋለች።»

ሰርኬ እግሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

«እሑድ ጠበል አልሄድም» አላት። «የማያት በዕውርነቴ ነው፤ የዳንሁ እንደሆነ ትሄድብኛለች።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከግድግዳው ከዘራውን አንስታም እጁ ላይ አኖረችለት።

«ተው እንግዲያ፣ አትሂድ» አለችው።