መርዶ ወደ ሚሲሲፒ

«የትውልድ ዘመን?» አሉ ጋሼ ፋንታሁን፣ እስክሪብቶአቸውን ወረቀቱ ላይ ደቅነው።

«አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት።»

«በእነሱ አቆጣጠር ነው?»

«እሱኮ የእነሱ ሰው ነው ጋሼ። የእኛ አቆጣጠር ምን ያደርግለታል?»

ዋጋዬ ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ሳሎኑ ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ትይዩዋ ያለውን የጋዝ ማሞቂያ ታያለች። ባሏ ሌዊ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ሜልቦርን፣ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው የቀረው። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ለቅሶ ደራሹ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ከፔርሙስ የተቀዳ ሻይ ይዞ፣ የጁላይን ብርድ ያማል።

እሷም ትታማለች፤ በሹክሹክታ።

«አላለቀሰችም እኮ።»

«ከሰኞ ጀምሮ?»

«ጠብ አላላትም።»

የጴንጤ ለቅሶ ቤት ነውና ደረት የሚመታ፣ ሙሾ የሚያወርድ አይጠበቅም። እንባ ግን ይጠበቃል። ዋጋዬ ሹክሹክታውን ሰምታለች፤ ማልቀስ ብትችል እሷም ደስ ባላት። ሁለመናዋ ግን ጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ድድ ሆኗል። ሲነኩት ያውቃል፣ አያመውም።

«ሥራ?» አሉ ጋሼ ፋንታሁን።

«ፋብሪካ። ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ ነበር የሚነዳው።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ከዚያ በፊት…»

ጋሼ ፋንታሁን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓርብ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሊጽፉ ነው የመጡት። እስካሁን አራት መስመር ጽፈዋል። አምስተኛው ላይ መግባት ያለበትን የምታውቀው ዋጋዬ ብቻ ናት። ለጉባኤው ሌዊ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይገባው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈገግ የሚል፣ ከአማርኛ «ጠግቤያለሁ» የምትለዋን ብቻ የሚያውቅ፣ ያችኑ ቃል ሲልም ማንም የማያምነው ደግ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሌቪ ታተም የሚለው ስሙ የሌዊ ነገድ ስም ነው ብለው ሌዊ አሉት። ዘፋኝ እንደነበር ግን የነገራቸው የለም።

ለእሷ የነገራት ከስምንት ዓመት በፊት፣ የፕላስቲክ ፋብሪካው የሻይ እረፍት ላይ ነው። እሷ ክዳን ታሽግ ነበር። በሱዳን በኩል ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። እሱ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ የሚሲሲፒ ዴልታ ስለሚባለው የጥጥ አገር እየሳቀ ያወራል። የመጀመሪያ ጊታሩ ጊታር አልነበረም። ከመጥረጊያ ላይ የፈታውን ሽቦ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ወጥሮ፣ ጠርሙስ እያንሸራተተበት ያስጮኸው ነበር። ሲያድግ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥጥ ለቃሚዎች ብሉዝ የሚባለውን የትካዜ ዘፈን ተጫወተ። በሃያ አምስት ዓመቱ ሜምፊስ ወስደው ሸክላ አስቀረጹት፤ በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ሌላ። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ የተጻፈበት ስም «ሌሮይ ታተን» ይል ነበር።

«ከዚያስ?» ብላው ነበር ዋጋዬ።

«ከዚያማ ሌሮይ ዝነኛ ሳይሆን ቀረ፤ እኔም አብሬው ቀረሁ።»

ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ መርከብ ላይ ተሳፈረ። ሜልቦርን ወደብ ላይ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ መርከቡ ጥሎት ሄደ። ጥቂት ዓመት ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር መጠጥ ቤቶች ውስጥ ተጫወተ። ሰዉ ወሬውን ሳያቋርጥ እየጠጣ ያዳምጠው ነበር፤ ማዳመጥ ከተባለ። በኋላ ፎርክሊፍት መንዳት ተማረ።

«ዘመድ የለውም?» የሚለው የጋሼ ፋንታሁን ድምፅ ከሐሳቧ መለሳት። «መርዶውስ ተነግሯል?»

«እህት አለችው። ኦዴሳ ትባላለች። እዚያው ሚሲሲፒ ናት። አልደወልኩም።»

«እንኳንም አልደወልሽ!» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ማንተግቦሽ። «መርዶ በስልክ? አሮጊቷ ብቻዋን ስልክ ይዛ ትውደቅ? የእህቴ ልጅ ስዩም ሜምፊስ አይደል እንዴ ያለው! ሰው አስከትሎ በንጋት ሄዶ ያርዳት።»

ፈረንጅ አገር ነው፣ የማያውቁት ሰው በንጋት በር ሲያንኳኳ ጠመንጃ ነው የሚመዘዘው ያለም ነበር። ማንተግቦሽ ግን ስልኩን አንስታ መደወል ጀምራለች።

ዋጋዬ ቀለል አላት። ያልደወለችው ለወጉ ብላ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ኦዴሳ በየገናው ካርድ ትልካለች። ካርዱ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ወንድሜ፣ አሁንም ትጫወታለህ?» ሌዊ ምን ብሎ ይመልስ እንደነበር አታውቅም፤ ጠይቃውም አታውቅም። መጫወቱን ያስተወችው እሷ ናት።

በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ከሺፍት ስትመለስ ሌዊ ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ትንሿ ጣቱ ላይ ሰክቶ፣ የጊታሩ ክር ላይ ያንሸራትታል። ዋጋዬ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በር ላይ ቆመች። ድምፁን ታውቀዋለች። ወረኢሉ፣ የአክስቷ ልጅ የሞተ ጊዜ፣ አክስቷ ግቢው መሃል ቆማ ስታወርደው የዋለችው ሙሾ ነው።

«ሌዊ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ተው። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም። ሞት ይጠራል።»

ሳቀ። «ታዲያ መቼ ልጫወት?»

«ሰው ሲሞት።»

«እሺ ዋጊ። ሰው ሲሞት።»

ቀልድ መስሎት ነበር። በሳምንቱ ዘፈንን የሚያወግዝ ስብከት ስትሰማ ግን ልቧ ጠነከረ፤ የጠርሙሱን አንገትም የአረቄ ዕቃ በአማኝ ቤት ምን ያደርጋል ብላ ከቆሻሻው ጋር ጣለችው። ሌዊ የቆሻሻ መኪናው ጥግ እስኪታጠፍ በመስኮት አየው። ጊታሩን ጋራዥ አስገባው፤ ሰባት ዓመት አለፈ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። የሜልቦርን ምሽት የሚሲሲፒ ንጋት ነው።

«እትዬ ዋጋዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ስዩም ነኝ» አለ የወንድ ድምፅ። «ወይዘሮ ኦዴሳ ቤት ሆኜ በእሳቸው ስልክ ነው የምደውለው። ከጓደኛዬ ከዘርአይ ጋር ነው የመጣነው። ሱፍ ለብሰን ሲያዩን ከቀብር አስፈጻሚ ነው የመጣችሁት አሉን። ቁጭ ይበሉ ስንላቸው፣ እኛ ሳንናገር፣ ሌቪ ነው አይደል አሉ።»

ዋጋዬ ለማንተግቦሽ ነገረቻት።

«ለቀባሪው አረዱት» አለች ማንተግቦሽ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ» አለ ስዩም። «ያቺ ልጅ ትቅረብልኝ ነው የሚሉት።»

ዋጋዬ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልጅ የሚላት ሰው ካጣች ቆይታለች።

የኦዴሳ እንግሊዝኛ ቀስ ያለ፣ እየተጎተተ የሚመጣ ነው፤ አነጋገሩ የሌዊ ስለሆነ ገባት። «ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ «ተሠቃየ?»

«አልተሠቃየም። ተቀምጦ ነው።»

«ተመስገን።» ዋጋዬ የሚመጣውን ታውቃለች፤ የስልኩን ገመድ መዳፏ ላይ ጠመጠመችው። «እስከ መጨረሻው ይጫወት ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ውሸት ማንም አይቆጥረውም።

«አይ» አለች። «እኔ አስተውኩት። ጠርሙሱን ጣልኩበት። ሰባት ዓመት አልተጫወተም።»

ኦዴሳ ሳቀች። የደከመ ሳቅ ነበር፤ ሳልም አለበት። «እናታችንም የዲያብሎስ ነገር ብላ የመጀመሪያ እውነተኛ ጊታሩን ምድጃ ውስጥ ማግዳዋለች። ቤት ውስጥ ተወ። ጥጥ ማከማቻው ውስጥ አልተወም። አንቺ ቤት ማከማቻ የለም?»

«ጋራዥ አለ።»

«እስኪ ሂጂና እዪ። እጠብቅሻለሁ።»

ዋጋዬ ስልኩን ለማንተግቦሽ ሰጥታ ተነሣች። ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከተላት። ጋራዡ ቀዝቃዛ ነው። መብራቱን ስታበራ ጥግ ላይ ግድግዳውን ትይዩ የተቀመጠ ወንበር አየች፤ ላዩ ላይ ሦስት ዓመት የፈለገችው የሶፋ ትራስ አለ። የጊታሩን ሳጥን ከፈተች። ክሮቹ አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ከክሮቹ ሥር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተሸጉጣለች። ለልቡ፣ ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ኪኒን የምትመጣባት ብልቃጥ ናት። ባዶ ናት፣ ወረቀቷ ተፍቆ ተነሥቷል፣ ብርጭቆዋ ክር ላይ ከመንሸራተት ብዛት ለስልሷል።

ረቡዕ። እሷ ረቡዕ ማታ ጸሎት ስትሄድ እሱ ወገቤን አሞኛል ብሎ ቤት ይቀር ነበር። ዛሬም ረቡዕ ነው።

ደስ አላት። ደስታው ግን አልቆየም፤ አንድ ግድግዳ ርቀት ላይ የነበረውን አንድም ቀን አልሰማሁም አለች በልቧ። አንድም ቀን እስኪ ተጫወትልኝ አላለችውም። ድንዛዜው ውስጥ የሆነ ቦታ መጠዝጠዝ ጀመረ።

ጊታሩን አንገቱን ይዛ ሳሎን ገባች። አንዱ ሻዩን አስቀመጠ። ጋሼ ፋንታሁን ከወንበራቸው ተነሡ።

«እህቴ ዋጋዬ፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ቤት ነው» አሉ ረጋ ብለው።

«አዎ ጋሼ። ለቅሶ ቤት ነው።»

ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፤ ጊታሩን እንደ ተኛ ሕፃን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «ስልኩን አስጠጊላት» አለቻት ማንተግቦሽን። ብልቃጧን ትንሿ ጣቷ ላይ ሰካቻት፤ ልክክ አለች። ክሩ ላይ አሳረፈቻትና በሌላው እጇ ነካ አደረገችው። የወጣው ድምፅ ሻካራ፣ ያልተገራ ነበር። ጋሼ ፋንታሁን ቆመው ቆዩና ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

ማንተግቦሽ ስልኩን ከክሮቹ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ ክሮቹ ታመላልሳለች።

«ምን አለች?» አለች ዋጋዬ።

«ወደ ታች ትላለች» አለች ማንተግቦሽ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እሱ ወደ ታች ነው የሚወስደው ትላለች። ቀስ እያለ።»

ዋጋዬ ብልቃጧን ወደ ታች አንሸራተተቻት። ቀስ ብላ።