ሦስተኛው እርከን

ቤታችን ቅርስ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ወዲህ ምስማር መምታት ተከለከልን። የደረጃው ሦስተኛ እርከን ከበሰበሰ ስምንት ወሩ ነው። ፎቅ ያለችው እናቴ እግሯ አይታዘዛትም፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሆስፒታል የማደርሳት አዝያት ነው። ለማሠራት የቅርስ ቢሮውን ፈቃድ ብጠይቅ «የዱሮው ዓይነት እንጨት እስኪገኝ ታገሺ» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ትናንት እሷን እንዳዘልኩ እግሬ ቀዳዳው ውስጥ ገባና ለጥቂት ተረፍን።

ዛሬ ጠዋት ጣውላና መዶሻ ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤት ነግሮብኝ ነው መሰለኝ፣ የቅርስ ባለሙያው እየሮጠ መጣ። ቤቱን አፍርሶ ሕንፃ ሊያቆም የቋመጠው ባለሀብትም ተከተለው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የመቶ ዓመት እንጨት ነው!» አለ ባለሙያው።

«እናቴም ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷን ማን መዘገበልኝ?»

ባለሀብቱ ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ ምን አለፋዎት? ይተዉት፣ በራሱ ይውደቅ። ከተማ ዳር ቤት እሰጥዎታለሁ።»

«አንተ ደግሞ ጥርስህን ክደን! ከዚያ ሆስፒታል ድረስ አንተ ታዝላታለህ? ምስማሩን የምመታው ከዚህ ላልሄድ ነው።»

ባለሙያው በስልኩ ፎቶ አነሳኝ። «ይከሰሳሉ!»

«ክሰሰኝ። ዳኛው ሊያይ ሲመጣ እግሩ እንዳይሰበር አጥብቄ እመታዋለሁ።»

የመጨረሻውን ምስማር መትቼ ፎቅ ወጣሁ፤ እናቴን አዝዬ ተመለስኩ። ሁለቱም ከሥር ተገትረዋል።

«ዞር በሉ፣ ሰው ይለፍበት!»

ሦስተኛው እርከን ላይ ስረግጥ ባለሙያው ዓይኑን ጨፈነ። ጣውላው ቻለን።