የእናትነሽ ሙት ዓመት

ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፓፓያና ብርቱካን የምትሸጠው ተሻለች አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። በዚያ ሰሞን የያዘችው የልጇን ሙት ዓመት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰዉ እየሰማ፣ ስሟ እናትነሽ ተብሎ እንዲጠራላት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

እናትነሽ ተማሪ ነበረች። «የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም» የሚል ወረቀት በትነሻል ብለው ከቤቷ ወሰዷት፤ በማግስቱ ሬሳዋ ወንጂ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ቀበሌው «ለፀረ አብዮተኛ አይለቀስም» አለ። ዕድሩ ድንኳን አልተከለም። ጎረቤት በተሻለች በር ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥን ጀመር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን በስሟ የሚያነሳ ጠፋ። የክፍል ጓደኞቿ፣ የተረፉት ማለት ነው፣ ተሻለችን ሲያዩ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ሄዳ ንስሐ አባቷን መምሬ ሐዲስን ያዘቻቸው።

«በክርስትና ስሟ እጠራታለሁ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወለተ ሐና ብል ማን ያውቃል? እግዜር ያውቃታል፤ ይበቃል።»

«እግዜርማ መች ረሳት፣ አባ! እኔ ለሰዉ ነው የምለው።»

«ተሻለች፣ እኔም ልጆች አሉኝ።»

«እኔም ነበረችኝ።»

መምሬ መስቀላቸውን እያሳለሟት ዓይናቸውን ወደ በሩ ላኩ። ይህን አየችና ያን ዕለት እሺ ብላ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐቱ ተደረገ። ወለተ ሐና የሚለው ስም በዜማ ሲወጣ ሰዉ አብሮ «እግዚኦ» አለ። አንድም ፊት ወደ ተሻለች አልዞረም። ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ልጅቷን በሕፃንነቷ አዝሏታል፤ ስንቱ ለዘመተ ልጁ ደብዳቤ አጽፏታል። ለማን እንደሚጸልይ ግን አላወቀም። ተሻለች መሐላቸው ቆማ ብቻዋን አለቀሰች፤ ያውም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ።

ግቢው ውስጥ ጎረቤቷ መሰለች ደረሰችባት።

«ውይ ተሻልዬ፣ ዘመድ ዐርፎብሽ ነው እንዴ? ሳልሰማ!»

«እናትነሽ ናት። ሙት ዓመቷ ነው።»

መሰለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «በይ እንግዲህ… ልጁን ብቻውን ጥዬው ነው የመጣሁት» ብላ ውልቅ አለች። የመሰለች የመጨረሻ ልጅ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ነው።

ተሻለች የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ወደተቀመጡት ነዳያን ሄደች። እግሯ የማይታዘዝላት፣ ምላሷ ግን የሚታዘዝላት ዘርፉ የምትባል ሴት ድርሻዋን ተቀብላ ቀና አለች።

«ስም ንገሪን እንጂ እመቤቴ! በደፈናው ነፍስ ይማር አንልም።»

«ወለተ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «እናትነሽ። አምና የገደሏት ልጄ።»

አጠገባቸው የነበረ ሽማግሌ ቁራሹን እንደያዘ ፈቀቅ አለ።

«ምን ያሸሽሃል?» አለችው ዘርፉ። «ቀበሌ ስኳር እንዳይከለክልህ ነው? አንተ ስኳር የት ታውቅና!» ከዚያ አንገቷን አስግጋ ጮኸች፦ «እናትነሽን ነፍሷን ይማር!»

ሌሎቹም ተቀበሏት። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ምን እንደሰማ ሲገባው እየተጋፋ በሩን አልፎ ሄደ።

ተሻለች የልጇ ስም ሲጠራ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። ከነዳያኑ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘርፉ ዳቦዋን እያላመጠች ዞር አለችና «ምን ትመስል ነበር?» አለቻት።

ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው የለም።

«ረጅም ናት» አለች ተሻለች። «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥርሷ ደግሞ ምንም አልነበረበትም።»

«ታዲያ ምን አስሸፈናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጠይቄያት አላውቅም» አለች ተሻለች።